ወለሉን በቡችላ ዓይን

የእንስሳት ሐኪሟን ያገኘኋት እንዲያው በአጋጣሚ ነው። የእናቴ አባት፣ ልብስ ሰፊው አባባ፣ የኮት ቁልፍ ግዢ ብለው ልከውኝ፣ ፀሐይ ግድግዳ ለግድግዳ ስትንፏቀቅ እያየሁ እግሬን ስጎትት ከክሊኒኳ ደጃፍ ጠራችኝ። ብብቷ ውስጥ ግራጫ ቡችላ ተኝታለች። ለእኛ ቃል የተገባችው ናት።

«ነገ ጠዋት ይዣት እመጣለሁ» አለችኝ። «ግን የእናንተ የልብስ ሰፊ ቤት ነው፤ መጀመሪያ አየዋለሁ። ካልተዘጋጀ ለመጋዘኑ ዘበኛ ነው የምሰጣት። እሱ ሰንሰለቱን ሳይቀር ገዝቷል።»

ከዚያ ማድረግ ያለብንን አንድ በአንድ ነገረችኝ። እኔ ትምህርት ቤት የቆየሁት ጥቂት ዓመት ነው፤ ጆሮዬ ግን አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም።

ቤት ስገባ አባባ መስኮቱ ሥር፣ ስፌት መኪናቸው ላይ አጎንብሰዋል። ስፒሎቹ እንደ ልማዳቸው በከንፈራቸው ተደርድረዋል፤ መጋረጃው ላይ የተሰኩትን መርፌዎችማ ማን ቆጥሯቸው። ወዲያው ወለሉ ላይ በሆዴ ተኛሁ።

«ምነው፣ አመመሽ?»

«ቡችላ ሆኜ ነው።»

«እሱንስ ጠርጥሬ ነበር» አሉ።

ከወለል ሲያዩት ቤታችን ሌላ አገር ነው። የመኪናው እግሮች ጫካ ይመስላሉ። ብናኙ በብርሃኑ ውስጥ የሚወርድበት የጠፋው ይመስል ይንሳፈፋል። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ክር በየጣውላው ስንጥቅ በቅሏል፤ ሁሉም ያምራል፣ ሁሉም ብሉኝ ብሉኝ ይላል።

«አባባ፣ ሐኪሟ ወለሉ ይጠረግ፣ መርፌው ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ይግባ፣ የመኪናው ገመድ ከፍ ይበል፣ ለቡችላዋም የራሷ ጥግ ይዘጋጅላት ብላለች።»

አባባ ስፒሎቹን ከአፋቸው አወጡ። ይህን የሚያደርጉት ነገሩ ሲከርር ብቻ ነው።

«ስሚ፣ ምላሴ» አሉ። ይህን ስም ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው። «እዚህ ቤት ሠላሳ ዓመት ሙሉ መርፌ ወድቋል። ማን ሞተ? ጭብጥ ለማትሞላ ቡችላ ብዬ ነው ቤቴን የምገለብጠው? ደጅ ትታሰርና ትልመደው።»

«እኔ ስወለድስ መቀሱን አላነሣችሁትም?»

«አንቺማ ከመቀሱ ትብሺ ነበር። አነሣነው።»

«እሷም ሕፃን ናት እኮ። ዓለምን የምታውቀው በአፏ ነው።»

«አንቺስ በምንሽ ነው?»

ተረታሁ፤ ዝም ግን አላልኩም። እሳቸውም አላቆሙም። «ደግሞ ውሻ የሚገድለው ሰው ነው እንጂ ቤት አይደለም» ብለው በመስኮቱ ወደ ማዶ አዩ።

ማዶ ያለው የአናጢው ቤት ነው። ድሮ ከአባባ ጋር ከሰዓት በኋላ ሻይ ሳይጠጡ አይውሉም ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ጉም የሚባለው ውሻችን ምግብ እንቢ ብሎ በሦስተኛው ቀን ሞተ። አናጢው አንድ ቀን «ይሄ ውሻ አላስተኛኝም» ብሎ ስለነበር፣ አባባ መርዞብኛል ብለው ደመደሙ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም።

«እንግዲያው የመጨረሻውን ልንገርዎት» አልኩ። «ከአፏ ክር ተንጠልጥሎ ካያችሁ እንዳትስቡት፣ እንዳትቆርጡትም። የዋጠችው ጫፍ ላይ መርፌ ሊኖር ይችላል። ቡችላዋን ይዛችሁ ሮጣችሁ ክሊኒክ አምጡልኝ ብላለች።»

የመኪናው ድምፅ ቆመ።

«ክር?» አሉ አባባ።

«ክር።»

ከወንበራቸው ወረዱ። መጀመሪያ አንዱ ጉልበት፣ ቆይቶ ሌላው፤ ከዚያ አጠገቤ በሆዳቸው ተኙ። ፊት ለፊታችን፣ ከጣውላው ስንጥቅ፣ ቀይ ክር ያጠለቀ መርፌ በብርሃኑ ብልጭ ይላል።

«ጉም ከምላሱ ሥር ክር ነበረው» አሉ ቀስ ብለው። «ቀይ። እንዳያስቸግረው ብዬ በዚህ መቀስ ቆረጥኩለት።»

የምለው አሥር ነገር ነበረኝ። ዋጥኩት። ብናኙ በሁለታችን ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

«አናጢው አልመረዘውም» አሉ።

«አልመረዘውም መሰለኝ።»

«መሰለኝ አትበይ።»

ከዚያ በኋላ የሠራነውን ሥራ ሌላ ሰው ቢያወራው አላምንም። ወለሉን ጠርገን በማግኔት ዳሰስነው፤ አርባ አንድ መርፌ ወጣ፤ ሁሉም ከመጋረጃው መርፌዎች ጋር ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ገባ፤ የመኪናውም ገመድ ከፍ አለ። አባባ ከአሮጌ ኮት ገበር መኝታ ሰፉላት። የቀረው፣ በሥራ ክፍሉና በሳሎኑ መካከል የሚቆም ትንሽ በር ብቻ ነው።

«አናጢ ያስፈልጋል» አልኩ።

«ያስፈልጋል» አሉና ኮታቸውን ለበሱ።

መንገዱ አሥር እርምጃ ነው። አናጢው ጣውላ እየላገ ነበር፤ ሲያየን መላጊያውን አስቀመጠ።

«ውሻዬን የገደለው መርፌዬ ነው» አሉ አባባ። «ስምህን በከንቱ አነሣሁ። ይቅር በለኝ።»

አናጢው ፍቅፋቂውን ከእጁ አራገፈ። «ውሻውንስ እሺ። አራት ዓመት ሻይ ብቻዬን መጠጣቴን ነው ይቅር ለማለት የሚከብደኝ።»

«ለቡችላ የሚሆን በርም ፈልጌ ነበር።»

አናጢው ሜትሩን ከኪሱ አወጣ። «ቁመቱ ምን ያህል ይሁን?»

«ቡችላዋ የማትዘለው፣ አንተ ግን የምትሻገረው።»

በማግስቱ ሐኪሟ መጥታ የመኪናውን ሥርና ሌሊቱን የተሠራውን በር አጎንብሳ አየች፤ ከዚያ ቡችላዋን እቅፌ ውስጥ አስቀመጠች።

ይኸውና ከዚያ ወዲህ የማንም እግር በመርፌ አልተወጋም፤ አባባ መርፌ ፍለጋ ሥራ አይፈቱም፤ የደንበኛው ኮትም ብጥስጣሽ ክር ሳይለብስ ይወጣል። ቡችላ ልታመጡ ያሰባችሁ፣ ማሰሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ወለላችሁ ላይ ተኝታችሁ እዩ። ምን እንደምታገኙ አይታወቅም። አባባ ስፒል በአፋቸው ስለማይዙም የሚሉት ሁሉ አሁን ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ችግሩ፣ አብዛኛው ስለ እኔ ነው።

ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ወለሉ ላይ ሲረዝም፣ ቡችላዋ በሕልሟ እየሮጠች እግሮቿን ታንቀሳቅሳለች። አናጢው የሻይ ብርጭቆውን ይዞ፣ ራሱ በሠራት በር ላይ እግሩን ከፍ አድርጎ፣ እንዳይቀሰቅሳት ቀስ ብሎ ይሻገራል።