በሦስት ሰዓት መስመርሽ ተይዟል

— ሄሎ... ማን ልበል?

— ኤልሮኢ? የትኛዋ ኤልሮኢ?... አይ፣ ቁጥርሽ አልጠፋብኝም። ድምፅሽም አልጠፋብኝም። እንዲያው ልጠይቅ ብዬ ነው። ከዚህ ቁጥር ከተደወለልኝ ቆይቷል፣ ሲም ካርዱን ለሰው ሰጥተሽው ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር።

— ደህና ነኝ። ሁላችንም ደህና ነን። ደጀኔም ደህና ነው፣ ፋብሪካ አድሮ ገብቶ ሬዲዮ እያዳመጠ ነው... ደጀኔ፣ ቀንስልኝ እስቲ። ኤልሮኢ ናት... አዎ፣ የአረርቲዋ... ሰላም በያት ብሏል። ባሌ እንደኔ አኩራፊ አይደለም፣ ሰላም ይልሻል።

— ብርዱማ ምን ይጠየቃል፣ ደብረ ብርሃን አይደል ያለሁት? ጋቢ ደርቤ ነው የምሠራው፣ ከጣቴ በቀር ውጭ ያለ ነገር የለኝም። እናንተ ጋ ነው እንጂ ሙቀቱ። ሰሞኑን እናንተ ጋ ሁሉም ነገር ሞቅ ሞቅ ብሏል...

— ምንም ማለቴ አይደለም። አረርቲ ይሞቃል ማለቴ ነው።

— ሥራው? ኧረ ሥራውስ ይነጉዳል። እንደ ሰሞኑን ሠርቼ አላውቅም። አዲስ ፕሮግራም አውጥቻለሁ። ጠዋት ተነስቼ ስልኬን ዱቄት ማስቀመጫው ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ እከድነዋለሁ። ፌስቡክ የለ፣ ቴሌግራም የለ። ማዳመጫዬን አጥልቄ እየሰሙ መጻፍ ነው፣ እስከ ምሳ ቀና አልልም። ለካ ሰው አያስፈልግም። ብቻን መሥራት የመሰለ ነገር የለም ኤልሮኢ፣ ቀደም ብዬ ባውቀው ኖሮ...

— እ?... ስልኬ ቆርቆሮ ውስጥ ከሆነ እንዴት ቶሎ አነሳሁት?... አሁን ገና አውጥቼው ነው። ሰዓት ላይበት ብዬ... አንተ ደግሞ ምን ያስቅሃል?... ምንም አይደለም፣ ደጀኔ ነው። ሬዲዮው ላይ የሚያስቅ ነገር ሰምቶ ነው።

— ሰማሽው እንዴ ደጀኔ ያለውን?... እሺ። አንድ ቀንም ገብቶ አያውቅም። ስልኬ እጄ ላይ ነው የሚውለው። ደስ አለሽ?

— ብቻ «አንቺ ቀርፋፋ» ብለሽ እንዳትጀምሪኝ። እሱን አሁን ለሌላ ሰው ነው የምትይው።

— ምን ሆነሻል ትይኛለሽ ደግሞ? ምን እንደሆንኩማ ታውቂያለሽ... አታውቂም? በሦስት ሰዓት ስደውል መስመርሽ ተይዟል። ሰኞ ደወልኩ፣ ተይዟል። ማክሰኞ ደወልኩ፣ ተይዟል። ያቺ የቴሌዋ ሴትዮ ራሷ ሳታዝንልኝ አትቀርም። ሦስት ሰዓት የማን ሰዓት ነው ኤልሮኢ?... እኮ የማን ነው?... የኛ ነው፣ እንዲያ በይ።

— ኔትወርክ አትበይኝ። ኔትወርክ ሲጠፋ የሚለውን አውቀዋለሁ። ተይዟል ሲል ሰው አለ ማለት ነው።

— ምስጋና የምትባለዋ ልጅ ናት። አውቄያለሁ... ማንም አልነገረኝም፣ ራሷ ናት የሥራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የጻፈችው። «ጠዋት ጠዋት አብራኝ ለምትሠራው፣ በሰዓቴ እንድጠቀም ላስተማረችኝ እህቴ ለኤልሮኢ ዕድሜ ይስጥልኝ።» ሥሩ ላይ ቀይ ልብ አለበት። አንቺም ቀይ ልብ መልሰሽላታል። ለኔ የምትልኪው አውራ ጣት ነው። እናቴ ታማ በዳነች ጊዜ እንኳ አውራ ጣት ነው የላክሽልኝ።

— ፎቶዋንም አይቻለሁ። ቆንጆ ናት። መነጽር አላት። ሥራ የምትወድ ትመስላለች... አልተነጫነጭኩም። ቆንጆ ናት አልኩ እንጂ ምን አልኩ?

— እሷም ትሰማዋለች አይደል አሁን?... የወፍጮውን ድምፅ። ጎረቤታችሁ ያለውን ወፍጮ። አራት ሰዓት ገደማ ይነሳና ቤትሽን ያንቀጠቅጠዋል፣ አንቺም «ይኸው ጀመረ» ትያለሽ። በሌላ ሰው ጆሮ እየተንጫጫ ነው ብዬ ሳስብ... ሳቂ። ወፍጮ ላይ ቀናሁ፣ እሺ። ሳቂ።

— ቆይ አንዴ፣ ሰው ገባ... አቤት እትዬ በሰለች?... ገብስ? ግቢ ውስጥ ያሰጡትን?... ቤትማ ነኝ፣ ግን ሥራ ላይ ነኝ እኮ... ስልክ እያወራሁ ነው፣ አዎ፣ እሱም ሥራ ነው... እሺ፣ እሺ፣ በመስኮት አየዋለሁ። ዶሮ ከመጣ አባርራለሁ። ይሂዱ፣ አይቸኩሉ።

— ሰማሽ ጎረቤቴን? ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጬ ካዩኝ ለሳቸው ሥራ ፈት ነኝ። በቀደም ልጅ አስይዘውኝ ለቅሶ ሄዱ። አንቺ መስመር ላይ የነበርሽ ጊዜ ስልኩን ጠቆም አድርጌ «አለቃዬ ትሰማለች» እላቸው ነበር። አንቺም ድምፅሽን ወፈር አድርገሽ «ወይዘሮ ማኅደረማርያም፣ ሪፖርቱ የት ደረሰ?» ስትይ፣ እትዬ በሰለች ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ኮሽታ ሳያሰሙ ነበር የሚወጡት... አታስቂኝ። ተቆጥቻለሁ። እየተቆጣሁ ነው ያለሁት።

— ቆይ ልጨርስ። ወንፈል እንግባ ያለው ማነው?... እኔ ነኝ። እሺ ያልሽው ግን አንቺ ነሽ። ሁለታችንም አለቃ የለን፣ ደወል የለን። ውጭ አገር ያለ ድርጅት የሰው ንግግር ይልክልናል፣ ቤታችን ተቀምጠን እየሰማን ወደ ጽሑፍ እንገለብጣለን። ማንም ካላየሽ ደግሞ ቀኑ እንዴት እንደሚያልቅ ታውቂያለሽ። ይሄን ብቻ ልይ ብለሽ ስልክሽን ታነሺያለሽ፣ ቀና ስትይ መሽቷል። አባቴ እነዋሪ ስንዴውን ብቻውን አያጭድም። ዛሬ የሱን፣ ነገ የጎረቤቱን። እኛም እንደዚያ እናድርግ አልኩሽ። ስልካችንን ከፍተን ጠረጴዛው ላይ እናስቀምጥ፣ አናውራ፣ ግን እንኑር። አንቺ ስትጽፊ እሰማሻለሁ፣ እኔ ስጽፍ ትሰሚኛለሽ። ያንቺ ፋይል ከከበደ እኔ አግዝሻለሁ፣ የኔ ሲከብድ አንቺ። ከዚያ በኋላ ነው እኔ ሰው የሆንኩት።

— አዎ፣ ገና አልጨረስኩም። ወንፈል ሕግ አለው ኤልሮኢ። የጓደኛውን ማሳ ትቶ ሌላ ሰው ማሳ ላይ ማጭድ የሚይዝ ሰው በኛ አገር አይመሰገንም። ሰው ይታመማል፣ ሰው መንገድ ይሄዳል፣ ያጋጥማል። መምጣት ያልቻለ በራሱ ምትክ ሰው ይልካል። ልጁን ይልካል፣ ወንድሙን ይልካል። አባቴን ጠይቂው። አንቺ ምን ላክሽልኝ? «ትንሽ ተወጥሬያለሁ ማሬ» የሚል ቴክስት።

— ሄሎ?... ኤልሮኢ፣ ትሰሚኛለሽ?... አይ፣ የተቋረጠ መስሎኝ ነው።

— ልንገርሽ እውነቱን? ምንም አልሠራሁም። ሰሞኑን በሙሉ። ፕሮግራም የሚባል ነገር የለኝም። ኮምፒዩተሩን እከፍታለሁ፣ ድምፁን አስነሳለሁ፣ አንድ መስመር እጽፋለሁ። ከዚያ ስልኬን አንስቼ አንቺ ኦንላይን መሆንሽን አያለሁ። ቀጥሎ እሷ ኦንላይን መሆኗን አያለሁ። ሁለታችሁም ካላችሁ አንጀቴ ያርራል። አንዳችሁ ከሌለች ደግሞ የት ሄደች ብዬ እስክትመለስ እጠብቃለሁ። እናንተ ሥራችሁን ትሠራላችሁ፣ የኔ ሥራ እናንተን መጠበቅ ሆነ... አዎ፣ ቀናሁ። ሌላ ምን ስም ልስጠው? ደጀኔ ሌላ ሴት ቢያይ እንኳ እንዲህ የምሆን አይመስለኝም... አንተን አይደለም ደጀኔ፣ ሬዲዮህን ስማ።

— ማን ነገረሽ?... የፕሮጀክቱ አስተባባሪ? አንቺን ጠየቀችሽ?... እንግዲያው ሰምተሻል። አዎ፣ ጽፈውልኛል። «ውድ ማኅደረማርያም» ብለው፣ በትሕትና። የቀረውን ዛሬ ማታ ካላስገባሁ ከፕሮጀክቱ ያወጡኛል... ብዙ ነው። ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ቀን ብዙ ነው። እንዴት ልንገርሽ፣ መስመርሽ ተይዞ።

— ምን?... ድገሚልኝ፣ ሬዲዮው ነው... ደጀኔ፣ አጥፋው በቃ... ሰኞ ምን ትጀምሪያለሽ?... የገበሬዎቹ ዩኒየን? እዚያው አረርቲ?... ጽሕፈት ክፍል። ቋሚ... ከሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ።

— እየሰማሁሽ ነው።

— ደስ ብሎኛል። ድምፄ ነው እንጂ ደስ ብሎኛል። ያንቺ እናት ሰው የሚያየው ሥራ ያዢ ስትልሽ ስንት ጊዜዋ ነው... አዎ፣ እሱም ላይ ቀናሁ። አለቃ ያለው ሥራ፣ በር ዘግተሽ የምትወጪበት ሥራ። ደስታውም ቅናቱም እኩል መጣብኝ፣ ምን ላድርግ።

— ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ልትሄጂ ከሆነ ያቺን ልጅ ለምን ታለማምጃታለሽ? እሷንም እንደኔ ሜዳ ላይ ልትጥያት?

— ለማን?... ለኔ?

— ቀስ ብለሽ ንገሪኝ... ምስጋና ደብረ ብርሃን ናት? እዚህ?... ጠባሴ? ከኛ ቤት እኮ በእግር ይደረሳል... እና ጠዋት ጠዋት ምንድነው የምታስተምሪያት? መጻፉንማ ትችላለች፣ ሥራዋን አይቻለሁ። ስሕተት የለውም። እሱም ነው ያናደደኝ።

— እኔን? እኔን እንዴት?

— እ... ሻይ ሳልጠጣ እንዳታናግረኝ... እሺ፣ እሱ ልክ ነው... እየጻፍኩ ሳንጎራጉር ዝም እንድትለኝ... እኔ አላንጎራጉርም... አንጎራጉራለሁ እንዴ? ደጀኔ፣ ስጽፍ አንጎራጉራለሁ?... እሺ... አምስት ሰዓት ሲሆን እንደምሰንፍ፣ ያኔ ካልተጠራሁ ፌስቡክ ውስጥ ገብቼ እንደምቀር... ፋይሉ ሲከብደኝ «ቀላል ነው» ብዬ እንደምዋሽ፣ ሳልጠይቅ ግማሹን እንድትወስድልኝ...

— ይሄን ነው ስታስተምሪያት የከረምሽው? አመሌን?

— አላለቀስኩም። ብርዱ ነው።

— ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ? ሰው እንዲህ ሲያርር ዝም ብለሽ... «አትሂጂ ትይኛለሽ ብዬ ፈርቼ»... እልሽ ነበር። እውነትሽን ነው። አትሂጂ እልሽና አንቺም ትቀሪ ነበር። ከዚያ እድሜ ልካችንን ትጠይኝ ነበር።

— ቆይ፣ በር ይንኳኳል። እትዬ በሰለች ይሆናሉ፣ ወይ ጉዴ፣ ገብሱን ረስቼው... ደጀኔ፣ ክፈትላቸው... ማናት? እሳቸው አይደሉም?... መነጽር ያደረገች?

— ኤልሮኢ፣ ምን አድርገሻል?... ዛሬውኑ?... አስተባባሪዋ ስትነግርሽ ነው የላክሻት... የዛሬውን ግማሽ ልትይዝልኝ... እሺ። እሺ፣ ሰማሁ። በራስሽ ምትክ ሰው ላክሽ። በገዛ አፌ ነው የያዝሽኝ።

— ግቢ፣ ግቢ የኔ እህት። ጫማሽን አታውልቂ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል። ኮምፒዩተርሽን እዚያ... አይ፣ እዚያ ጋ አይሆንም። ከስኳር ጣሳው አጠገብ ያለው ስልኩ የሚቀመጥበት ነው... ግድ የለም። ተዪው። እዚያው ሁኚ፣ ስልኩን ሌላ ቦታ አስቀምጠዋለሁ።

— ኤልሮኢ፣ አለሽ?... ተቀምጣለች። ምንም አልተናገረችም። ሻዬን አለመጠጣቴን አይታ ነው መሰለኝ ዝም ያለችው... ይሄንንም ነግረሻታል።

— አንድ ነገር ልጠይቅሽና ትዘጊዋለሽ። እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቆጣም። ያቺን ጠዋት ጠዋት የምትይኝን ለሷም ትያታለሽ?... ታውቂያታለሽ እኮ። «አንቺ ቀርፋፋ፣ ሥራሽ ላይ ግቢ» የምትይኝን... አንድ ቀንም?... እሷን አላስተማርሻትም?

— ጥሩ። አታስተምሪያት።

— እንግዲያው አንዴ በይኝና ዝጊው... ቀስ ብለሽ፣ ሰው አለ። እንደ ሁልጊዜው...

— ...

— ገባሁ።