ዙሄር ያያቸው ፊቶች

የተከበራችሁ የመንደራችን ሽማግሌዎች፣ የዙሄር ባለቤት እህቴ ሲሃም ከነልጆችሽ፣ በየኬላው ተሰልፋችሁ ለዚህ ለቅሶ የደረሳችሁ ወዳጆች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። አላህ ያጽናችሁ።

እኔ ነቢህ ነኝ። የዙሄር የጋዜጣ አዘጋጅ ነበርኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ስንጨቃጨቅ ኖረናል።

ዙሄር ማን ነበር? ጋዜጠኛ ነበር። ግን በእርሳስ የሚዘግብ ጋዜጠኛ። ሰውየውን ይስለዋል፤ የተናገረውን ደግሞ ከሥዕሉ በላይ ይጽፍለታል። «ታንክ ሳልልኝ» ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩት! «ታንኩን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ታንኩ ያለፈበትን ሰፈር ሰው ማን ያውቀዋል?» ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ኬላ ላይ ሦስት ሰዓት ቆምን። እሱ ከፊታችን ያሉትን አሮጊት ይስላል። ዞር ብለው ደብተሩን አዩት።

«አንተ! ይሄ አፍንጫ የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ እናቴ።»

«የኔ? ወታደሩ ያቆመኝ አንሶ አንተ ደግሞ አፍንጫዬን ትጎትተዋለህ?»

ሰልፈኛው በሳቅ ፈረሰ። ወታደሩ ግራ ገባው። መጥቶ ደብተሩን ቀማ፤ ገለጠ፤ የራሱ ፊት የለበትም። መለሰለት። ዙሄር ምን አደረገ? ላጲሱን አወጣና አፍንጫውን አሳጠረ! እኔ አዘጋጁ ብለምነው አንዲት መስመር የማይነካ ሰው!

የኡም ጋሊብ ቤት የፈረሰ ዕለትም አብሬው ነበርኩ። ወታደሮቹ የግንባታ ፈቃድ የለውም ብለው በዶዘር ናዱት። እኔ ፍርስራሹን ፎቶ አነሳሁ። እሱ ድንጋይ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ወጥ ቤትሽ ምን ይመስል ነበር?» አላት።

ትነግረዋለች፤ ይስላል። «ማንቆርቆሪያው በግራ ነው እንጂ!» ያጠፋል። «የቅመሙን፣ የዛዕተሩን ማሰሮ ረሳኸው።» ይጨምራል።

«በመስኮቱስ ምን ይታይሻል?»

«ባሌ የተከላት ወይራ» አለች። እስከዚያች ሰዓት እንባ አልወጣትም ነበር። ያኔ አለቀሰች።

እኔስ? እኔ ፎቶዬን አንስቼ መኪና ውስጥ ገብቼ፣ ይህን ሁሉ በመስኮት እየሰማሁ፣ ቶሎ በል እያልኩ ጥሩንባ እነፋ ነበር። ሥዕሉን ሲያመጣልኝም «ይሄ ዜና አይደለም፤ ማንቆርቆሪያ ነው» ብዬ መለስኩት። አልተቆጣም። ወስዶ ለኡም ጋሊብ ሰጣት። ዛሬም የተከራየችው ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የልጅ ልጆቿ «ቤታችን የት ነበር?» ሲሏት ያንን ታሳያቸዋለች።

ተሳስቼ ነበር፣ ወገኖቼ። በሕይወት ሳለ አልነገርኩትም። እናንተ ፊት ልናገረው።

ልቡ ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ ደብተሩ አልተለየውም። ትላንት ሲሃም ሰጠችኝ። ስለ ራሱ ሕመም አንድ ቃል የለበትም። የመጨረሻው ገጽ ላይ አጠገቡ የተኛው በሽተኛ አለ። እንዲህ ይላል፦ «አቡ ሂላል፣ የአራት ሴት ልጆች አባት። ሾርባው ጨው የለውም እያለ ነርሶቹን አስመርሯል። ሐሙስ ቤቱ ይገባል።»

ሐሙስ ዙሄር አረፈ። አቡ ሂላል ግን ቤቱ ገባ። ያውላችሁ፣ ከኋላ ቆሟል። ና፣ አቡ ሂላል። ምን ያሳፍርሃል? ወደፊት ና፤ ሰው ይይህ።

ዙሄር፣ ወንድሜ፣ አይተኸን ሳትጠግብ ሄድክ። አፈሩ ይቅለልህ። ደህና ሁን።