እናቴን ያስከተብኩ ቀን

እትዬ፣ ይግቡ፣ ይግቡ። ጫማዎን አያውልቁ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል። እዚህ ሶፋው ላይ ይቀመጡ፣ ወንድሜ ጠጋ ይልልዎታል... ጠጋ በል እንጂ። ብርዱ ዘንድሮ አልባሰም?

እማዬ ደህና ናት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጓዳ ጋደም ብላለች። ክንዷን ትንሽ አሳብጧታል እንጂ ሌላ ምንም የለም። አዎ፣ የጉንፋኑን ክትባት ተከተበች። አምና ሳንባዋን ይዟት ሆስፒታል እንደተኛች ያስታውሳሉ አይደል? ሐኪሙ «ዘንድሮ ብርዱ ሳይጠና ይከተቡ» ብሎ ቀጠሮ ሰጣት።

ለአንድ መርፌ ምን ዝግጅት ያስፈልጋል ይሉኝ ይሆናል። እኛ ግን ቀኑን በክትባቱ ልክ ነው የቀደድነው። እኔ ጫፉ ያልታጠፈ የሙሽራ ቀሚስ ማሽኑ ላይ ትቼ፣ ስፌት ቤቱን ከሰዓት እከፍታለሁ ብዬ ለደንበኞቼ ነገርኩ። እማዬ እጅጌው በቀላሉ የሚጠቀለል ሸሚዝ ስትመርጥ አመሸች። ወንድሜ ደግሞ በመኪናው ሊወስደን ነበር። ጎህ ሲቀድ እማዬ ለባብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። መኪና ባለፈ ቁጥር ብድግ... ቁጭ። ብድግ... ቁጭ።

ከዚያ ስልክ ተደወለ። ድንገተኛ ስብሰባ። ምን ያድርግ ምስኪን? ሥራ ነው። «አለቃህን እናት አልወለደችውም እንዴ?» አይባል ነገር። ሻይ ልጨምርልህ ወንድሜ? አይ? እሺ።

በአውቶቡስ ሄድን። መቆሚያ እንኳ አልነበረም። እማዬ ብረቱን ጨብጣ እየተወዛወዘች፣ «ልጄ ይሄኔ ቁርስም ሳይቀምስ ነው ስብሰባ የገባው» ትለኛለች። እናት አይደለች?

ክሊኒኩ ስንደርስ ግን፣ እትዬ፣ ምን የመሰለ ልጅ አየሁ መሰልዎት! አማቱን ሊያስከትብ መጥቶ። የሚስቱን እናት እኮ ነው! ሴትዮዋ ከእማዬ በዕድሜ ታንሳለች፣ ከኔም ፈጥና ትራመዳለች። እሱ ግን ክንዷን ደግፎ፣ ቦርሳዋን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ ወንበሩን በመሐረብ ጠርጎ... ውሃ ያመጣላታል፣ ክዳኑን ይከፍትላታል። እንዲህ ያለ አማች ከየት ይገኛል? እናቱ ምንኛ የታደለች ናት አልኩ። ለሰው እናት እንዲህ የሆነ፣ ለወለደችውማ እንዴት ይሆን?

ጃኬቱን ሳየው ብቻ ትንሽ ደንገጥ አልኩ። የአንገቱ ስፌት የእጄን ሥራ ይመስላል። ለወንድሜ ለሹመቱ የሰፋሁለትን ዓይነት... ይኸው አሁን የለበሰውን። ግን ሰውም ይመሳሰላል፣ ጃኬትም ይመሳሰላል። ወንድሜ እንደሆነ ስብሰባ ላይ ነበር። አይደል ወንድሜ?

እማዬም አየችው። ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ቆየችና፣ «ዓይኔ ደከመ መሰለኝ» አለች። «ልጄማ ስብሰባ ላይ ነው።» ከዚያ ድምፅ ሳታሰማ ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለምን እንዳዞረች አልጠየቅኳትም። ያ ልጅ ቀና ብሎ ቢያያት እንዳያፍር ይሆን? ኧረ ምን ያሳፍረዋል፣ ጽድቅ እየሠራ!

ተራችን ደረሰ። ነርሷ እጅጌዋን ስትጠቀልልላት እንባዋን አየችና፣ «አመመዎት እንዴ እማማ?» አለቻት።

«ትንሽ» አለች እማዬ።

መርፌው ገና ከማሸጊያው አልወጣም ነበር።

...ምነው ተነሣህ ወንድሜ? አሁን መጥተህ? ቁጭ በል፣ እማዬ ትነቃለች። ስብሰባው ደክሞህ እንደሆነ ስትጨነቅ ነው የዋለችው።

እኔማ፣ እትዬ፣ ያንን ልጅ ከልቤ መረቅኩት። አማቱ ለነርሷ ስትነግራት ሰማሁ፣ ሚስቱ ልትወልድ ተቃርባለች አሉ። ወንድ ልጅ ይስጠው! ቁርጥ አባቱን የመሰለ። ይደግለት፣ ይማርለት፣ ወግ ማዕረጉን ያሳየው፣ ጥሩ መኪናም ይግዛ። አባትየው አርጅቶ የሰው እጅ ሲጠብቅ ደግሞ... እሱ እናቱን እንዳሰባት፣ ልጁም ልክ እንደዚያው ያስበው።

አሜን በል እንጂ ወንድሜ።