ደረጃው አይቅር

የአፈር ምሁራን ማኅበር አንጋፋ አባል ናቸው። ተማሪዎቻቸው ዞር ሲሉላቸው «ጋሼ ደረጃ» ይሏቸዋል። ስሙ የወጣላቸው በሹመት አይምሰላችሁ። ዓመታዊው ጉባኤ በተካሄደ ቁጥር ከአዳራሹ ይልቅ ደጁ ያለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ቆመው ስለሚገኙ ነው።

ያን ዕለት ጠዋት የተቃውሞ ደብዳቤ በኪሳቸው ይዘው ያንኑ ደረጃ ሲወጡ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ካርቶን ታቅፋ ስትወርድ ተገናኙ። የቀድሞ ተማሪያቸው ናት።

«ጋሼ! እንዴት አደሩ? ምነው በጠዋቱ?»

«ደህና አደርሽ ልጄ። ጉባኤውን ኮምፒውተር ውስጥ ልትከቱት ነው የሚባለው እውነት ነው?»

«የዘንድሮው በኢንተርኔት ነው። በዚያው ይቀጥል አይቀጥል ግን አባላት በመጨረሻው ቀን ድምፅ ይሰጡበታል።»

«እንግዲያው የእኔን ከወዲሁ ተቀበይኝ» ብለው ደብዳቤውን ዘረጉ።

ጸሐፊዋ አልተቀበለችም። እሳቸው እምቢ ካሉ ግማሹ አባል ተከትሏቸው እምቢ እንደሚል ታውቃለች። ካርቶኑን አስቀመጠችና «አረፍ ይበሉ እስቲ» አለቻቸው። አራተኛው ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«እዚህች ላይ ነበር እኮ» አሉ ድንጋዩን በመዳፋቸው እየዳበሱ። «ሁሉም ከየአገሩ አንድ ጭብጥ አፈር በወረቀት ጠቅልሎ ይመጣል። ሻይ ሲባል ወጥተን እንለዋወጣለን። በጣት አሽቶ፣ በምራቅ አርሶ፣ አሽትቶ ከየት እንደመጣ መገመት ነው። የሳተ ሻይ ይቀዳል። ስንቱን ሻይ ቀዳሁ መሰለሽ! እውቀቱ የተገኘው እዚህ ነው እንጂ እዚያ ውስጥ ሁላችንም እናንቀላፋ ነበር። የስክሪኑን አይቼዋለሁ። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ካሜራውን አጥፍቶ ሽንኩርት ይልጣል። ሲያልቅ ‹አመሰግናለሁ› ብሎ ድርግም!»

«እሱስ እውነትዎን ነው» አለች ፈገግ ብላ። «ጥፋቱ ግን የኛ ነው። የአዳራሹን ንባብ እንዳለ ገልብጠን ስናስገባው ማን አይተኛ? አሁን ንባቡን ቀርጸን ከሳምንት በፊት እንልካለን፤ ሁሉም በየቤቱ ያየዋል። የጉባኤው ሰዓት ለጨዋታና ለክርክር ብቻ ነው፣ አራት አራት ሰው በትንንሽ ክፍል። ከዚያም በላይ ሰብሳቢም አጀንዳም የሌለው አንድ ክፍል ቀኑን ሙሉ ክፍት ይውላል። ስሙን ‹ደረጃው› ብለነዋል።»

ጋሼ ደረጃ ሳቃቸው መጣ፤ ዋጥ አደረጉት። «አፈሩስ? አፈር በሽቦ ይላካል?»

«በፖስታ ይላካላ!» ካርቶኑን ከፈተችው። ቁጥር የተጻፈባቸው ትንንሽ ፖስታዎች ሞልተውታል። «አባላት የላኩልንን ከፋፍለን አሽገነዋል። የዕለቱ ዕለት እኩል እንከፍተዋለን።»

ሽማግሌው አንዱን ፖስታ አንሥተው አገላበጡት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቢሆንም ደረጃው ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ‹አቶ ግን› ከቀረ ወዲህ» አሉ።

«አቶ ግን» የሠላሳ ዓመት ወዳጃቸው ናቸው። «ግን» ሳይሉ ጥያቄ ጀምረው አያውቁም። የዛሬ ስድስት ዓመት ያመጡትን አፈር ጋሼ ደረጃ በሰው ፊት መገመት ቢያቅታቸው ጊዜ፣ «የመንገድ ዳር አቧራ አምጥተህ ታሞኘኛለህ!» ብለው ጮኹባቸው። ሰውዬው ወረቀታቸውን ጠቅልለው ደረጃውን ወረዱ፤ ከዚያ ወዲያ አልታዩም።

«ለምን የቀሩ ይመስልዎታል?»

«ተቀይሞኝ ነዋ!»

«ታመው ነው እኮ ጋሼ። በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት አለባቸው። ከከተማቸው ርቀው መሄድ አይችሉም። እርስዎ የሚወዱት ይህ ደረጃ ለእሳቸው የተዘጋ በር ነው።»

«እንዴት ሰው አይነግረኝም?»

«እርስዎስ መቼ ጠየቁ?» አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

ኩራት የሚሉት ነገር እንዲህ ነው፤ ስልክ በኪሱ ይዞ ሰው ስድስት ዓመት ያኮርፋል። ጋሼ ደረጃ እንባቸው መጣ፤ አልደበቁትም። ደብዳቤውን ወደ ኪሳቸው መልሰው ካርቶኑን ራሳቸው ተሸከሙላት።

የጉባኤው ዕለት ‹ደረጃው› የተባለው ክፍል ገና ከጠዋቱ ሞላ። አራስ ልጇን ያቀፈች አንዲት ተመራማሪ አለች። ከሩቅ ጣቢያ የገባ፣ ስሙን በወረቀት እንጂ መልኩን ማንም የማያውቀው የላቦራቶሪ ሠራተኛም አለ። በመጨረሻ አንድ የከሳ ፊት ብቅ አለ። አቶ ግን ናቸው። ሰላምታም ሳይሰጡ አንድ ቁንጥር አፈር ወደ ካሜራው አስጠጉ።

ጋሼ ደረጃ ራሳቸውን ረስተው ለመቀበል ሁለት ጣታቸውን ዘረጉ። ጣታቸው መስታወቱን ቋ! አደረገው። ክፍሉ በሙሉ በሳቅ አወካ፤ አራሱ ልጅ ሳይቀር ነቃ።

«ፖስታህን ክፈት እንጂ፣ ቁጥር ሰባትን!» አሉ አቶ ግን።

ከፈቱት። አሹት፣ በምራቅ አራሱት፣ አሸተቱት። ደግመው አሹት።

«አቧራ ያልኩት ነው» አሉ። «አቧራ አልነበረም። ዛሬም አላወቅኩትም። ከየት ነው?»

«ከእናቴ ጓሮ። ያኔ ቀብሬያት መምጣቴ ነበር።»

ጋሼ ደረጃ አፈሩን በመዳፋቸው ጨበጡት።

«አፈር ስሆን ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ብያለሁ» አሉ አቶ ግን። ጣታቸውን ቀስረው፣ «ግን…» ሲሉ ክፍሉ በሙሉ እልል አለ። «ግን ስተሃልና ሻዩን ቅዳ!»

ሽማግሌው እውነትም ተነሥተው ቀዱ። ብርጭቆውን ካሜራው ፊት አኖሩት፤ እስኪቀዘቅዝም ሲከራከሩ ዋሉ።

በመጨረሻው ቀን ድምፅ ሲሰጥ፣ ጋሼ ደረጃ በዚያው በተቃውሞው ደብዳቤ ጀርባ የጻፉትን አነበቡ። «ጉባኤው በኢንተርኔት ይቀጥል። የታመመ፣ የወለደች፣ መንገድ የራቀው ሁሉ ገብቶበታል። ተኝተን የምንሰማውን ንባብ አስቀድመን አይተን ለክርክር ጊዜ አግኝተናል። እኔም ወዳጄን አግኝቻለሁ። ግን» አሉና ቀና ብለው ካሜራውን አዩ፤ «ግን ደረጃው አይቅር።»