ስድስት ጥፍር፣ ሦስት ጠርሙስ

እትዬ ከመዋቢያ ዕቃ መደብሩ መስኮት ሥር ቆመው፣ አንዲት ቀይ የጥፍር ቀለም ወደ ብርሃን አንስተው፣ አንድ ዐይናቸውን ጨፍነው ይመረምሩ ነበር። ክዳኗ ላይ የተጠቀለለው ስስ ላስቲክ እንዳልተነካ በጣታቸው ዳሰሱ። ገልብጠው አዩ፤ እንደገና ዳሰሱ። ሻጩ "ርካሿ እዚህ አለችልዎ፣ ያው ቀይ ናት" ቢላቸው ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። እትዬ የሁለት ወንበር የውበት ሳሎን ባለቤት ናቸው። ሰው የሚያምኑት ሁለት ምስክር ከሰሙ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ምስክሮቹን ይጠረጥራሉ። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚለውን ተረት እንደ ቤታቸው ቁልፍ ከእጃቸው አይለዩትም።

"አክስቴ! እርስዎ ነዎት?"

ድምፁ ከኋላቸው ሲመጣ ደንግጠው ጠርሙሷን ቦርሳቸው ውስጥ ወሸቋት። ሻጩ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ገና አልከፈሉም ነበርና።

"እከፍላለሁ! ምን እንዲህ ታፈጥብኛለህ?" ብለው ፊታቸው ቀልቶ ከፈሉ።

ያስደነገጠቻቸው የወንድማቸው ልጅ ናት። በአንድ የቀለም ፋብሪካ ላቦራቶሪ ትሠራለች፤ የግድግዳ ቀለም ይላጥ አይላጥ እንደሆነ በምላጭ እየጫረች፣ ፕላስተር እየለጠፈች፣ እየነጨች መሞከር ነው ሥራዋ። እትዬ "ኬሚስቷ" ይሏታል፤ ግማሹ ኩራት፣ ግማሹ ሹፈት ነው። ከመደብሩ ደጅ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡና፣ እትዬ ግራ ቀኝ ተገላምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ይህቺን ጠርሙስ የገዛሁት ለወጥመድ ነው። ቀለሙ የደረሰበት ላይ በመርፌ ምልክት አደርግና መደርደሪያው ላይ አስቀምጣታለሁ። ቀጮን እጅ ከፍንጅ እይዛታለሁ።"

ቀጮ በሳሎናቸው ለአሥራ አንድ ዓመት ጥፍር የሠራች ሴት ናት፤ በቁመቷና በቅጥነቷ ደንበኞች ያወጡላት ስም ነው። ሁለት ልጆች ታስተምራለች፣ አባትም እናትም እሷው ሆና።

"ቀጮ ደግሞ ምን አደረገች?" አለች ኬሚስቷ።

"ውዱን ቀለም እየቀዳች ትወስድና በርካሽ ትሞላዋለች። ሌላ ምን ይሆናል? ደንበኞቼ ውድ ቀለም ተቀብተው ይሄዳሉ፤ በሦስተኛው ቀን ጥፍራቸው ተላልጦ ይመለሳሉ። ውድ ቀለም ደግሞ አይላጥም።"

"አይላጥም ያለው ማነው?"

"ዋጋው!"

"ዋጋ እኮ የሻጩ ቃል ነው አክስቴ። ሻጭ ደግሞ ለራሱ ዕቃ ምስክር ሊሆን አይችልም።"

እትዬ አፋቸውን አጣመሙ። "ተማርን ብላችሁ ነገር ታወሳስባላችሁ። እኔ ጠርሙሶቼን እንደ ልጅ ነው የማሳድጋቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደንበኛ ሲቀንስ አንድ በአንድ አንገታቸውን እጠርጋለሁ፤ የወፈረው ላይ አሴቶን ጠብ አደርጋለሁ፤ ክዳኑን አጠብቃለሁ፤ ስማቸው ወደ ፊት እንዲዞር አድርጌ እደረድራለሁ። እንዲህ የተንከባከብኩት ቀለም ቀጥኖ እንደ ውሃ ሲፈስ ሳገኘው ምን ልበል?"

"በዐይንዎ ስትቀዳ አይተዋታል?"

"ሌባ እየታየ ይሰርቃል? ይልቅ ተንኮሏን ልንገርሽ። ካለፈው ወር ወዲህ ቦርሳዋን ዚፑን ከፍታ ነው የምትሰቅለው። ማዘናጊያ ነው! ንጹሕ ሰው ቦርሳውን ምን አስከፈተው?"

"ዘግታ ብትሰቅለውስ?"

"ብትዘጋውማ ምን ደብቃ ነው እላለኋ!"

"ታዲያ ምን ታድርግ?"

እትዬ የሚያልፍ አውቶቡስ የሚያዩ መሰሉ። ቀድሞ የተፈረደበት ሰው ቢከፍትም ቢዘጋም አያመልጥም፤ ይህን እትዬ በሌላ ሰው ቢያዩት ኖሮ ራሳቸው "ግፍ ነው" ይሉ ነበር።

"ለማንኛውም የሚመጣው ቅዳሜ አሰናብታታለሁ" አሉ በመጨረሻ።

"በስርቆት ከተሰናበተች እኮ የትኛውም ሳሎን አይቀጥራትም። ልጆቿስ?" አለች ኬሚስቷ፤ ከዚያም ፈገግ አለች። "አክስቴ፣ ቅድም ያልከፈሉበትን ጠርሙስ ቦርሳዎ ውስጥ ሲከቱ እኔም ሻጩም አይተናል። እርስዎን ባላውቅዎት ምን እል ነበር?"

"ምን ማለትሽ ነው? ደንግጬ ነው!"

"አውቃለሁ። ያወቅኩት ግን እርስዎን ስለማውቅ ነው። ሻጩ አያውቅዎትም። ቀጮን ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ያውቋታል።"

የእትዬ መኮሳተር ግን አልለቀቀም።

"አይጠርጥሩ አልልዎትም" ቀጠለች። "መጠርጠር የእኔም ሥራ ነው፤ ፋብሪካው የሚከፍለኝ ቀለሙን እንዳላምነው ነው። ነገር ግን የጠረጠርኩትን እፈትነዋለሁ፤ ሳልፈትን አልፈርድም። እስከ ቅዳሜ ጊዜ ይስጡኝ። ርካሹን ልግዛ፤ እርስዎ ይህችን የታሸገችውንና ከመደርደሪያው ላይ የተከፈተችውን እህቷን ያምጡ። በራስዎ ጥፍር ላይ እንሞክራቸው።"

"አንቺ የትኛው የት እንዳለ ካወቅሽ ለርካሹ ብታደይስ? ቀጮ ለምናሽ ቢሆንስ?"

"እሺ፤ እኔ ሳላይ እርስዎ በጥጥና በወረቀት ይጠቅልሏቸው። ከዚያ እርስዎ ሳያዩ እኔ ቦታ አቀያይሬ ቁጥር እጽፍባቸዋለሁ። ሁለታችንም አናውቅም።"

ይህን ዘዴ እትዬ ሳይወዱ ወደዱት፤ ማንንም የማያምን ዘዴ ነውና።

በማግስቱ እሑድ በእትዬ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሦስት የተጀቦኑ ጠርሙሶች ተደረደሩ። የታሸገችውን ላስቲክ የቀደዱት እትዬ ራሳቸው ናቸው። ኬሚስቷ በየእጃቸው ሦስት ሦስት ጣት መረጠች። "ግራ እጅዎን በሳሎኑ ደንብ፣ ቀኝዎን በእኔ ደንብ" አለች።

የሳሎኑ ደንብ የታወቀ ነው። እጁ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ይዘፈዘፋል፣ በቅባት ይታሻል፣ ወዲያው ወፈር ተደርጎ ይቀባል። በቀኙ ግን ልጅቷ ውሃ የሚባል አላስነካችም። ጥፍሩን በአሴቶን በረጠበ ጥጥ ወለወለች፤ እስኪደርቅ ጠበቀች፤ ስስ አድርጋ ቀባች፤ ሲደርቅ ደገመች፤ የጥፍሩንም ጫፍ በብሩሹ ዞር አድርጋ ዳበሰችው።

"ይህ ሁሉ ለምን?" አሉ እትዬ።

"ጥፍር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ላዩ ላይ የደረቀው ቀለም አብሮት አይሰበሰብም፤ ስለዚህ ይለቃል። ቅባት ደግሞ ቀለሙን ከጥፍሩ ጋር አያገናኘውም። እርጥበትና ቅባት የነካው ግድግዳ ቀለም ይይዛል?"

"ጥፍር ግድግዳ ነው እንዴ?"

"ለቀለሙ ያው ነው።"

በሦስት ቁጥር ስትቀባ ቀለሙ ከብሩሹ እየተንጠባጠበ አስቸገራት። ሁለቱም አዩት።

ሳምንቱን እትዬ ያለ ጓንት ፀጉር አጠቡ፣ ፎጣ ጨመቁ፣ ድስት ፈገፈጉ። ደንበኞች ስድስት ጥፍር ብቻ መቀባታቸውን እያዩ ቢስቁ "ገና አላለቀም" ይሏቸዋል። ረቡዕ ላይ የግራው ቀለም ሦስቱም መላጥ ጀመረ። ቀጮ አይታ ጎንበስ አለች።

"እትዬ፣ ይህን እጅዎን ላስተካክልልዎ?"

"አትንኪኝ!" አሉ፣ እጃቸውን ነጥቀው።

ቀጮ ተመልሳ ወደ ወንበሯ ሄደች፤ የቀረውን ቀን የጥፍር ሞረዶቿን ስትጠርግ ዋለች። ቦርሳዋ እንደተከፈተ ከማንጠልጠያው ላይ ነበር። እትዬ በመስታወቱ ውስጥ ደጋግመው አዩት፤ የምሳ ዕቃና የልጅ ደብተር እንጂ ሌላ አልታያቸውም። "ዛሬ አልወሰደችም ማለት ነው" አሉ በሆዳቸው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሳሎኑ ሳይከፈት፣ ኬሚስቷ ፕላስተሯን ይዛ መጣች። በእያንዳንዱ ጥፍር ላይ እየለጠፈች ነጨች። ከግራ እጅ የተረፈው ሁሉ ከፕላስተሩ ጋር ተነሣ። በቀኙ አንድ ቁጥር ጫፉ ላይ ትንሽ ከመሳሳቱ በቀር ንቅንቅ አላለም፤ ሁለት ቁጥር እንደተቀባበት ቀን ያበራል። ሦስት ቁጥር ግን በቀኙም እጅ ደብዝዞ፣ ተሸርፎ፣ ግማሹ ከፕላስተሩ ጋር ሄደ።

"አሁን ይፍቷቸው" አለች።

እትዬ ወረቀቱን ቀደዱ። አንድ ቁጥር ርካሹ ነበር። ሁለት ቁጥር የታሸገችው ውድ፤ ሦስት ቁጥር ከመደርደሪያው የመጣችው ውድ።

"አላልኩሽም!" ብለው ጠረጴዛውን መቱ። "ሦስተኛውን ቀጮ ነክታዋለች! ይኸው ጥፍሬ መሰከረ!"

"ይቆዩ አክስቴ፤ ምስክር ከጠሩ እስከ መጨረሻው ይስሙት። መጀመሪያ ግራ እጅዎን ይዩ። የታሸገችው ውድ ቀለም እዚያ ላይ በረቡዕ ተላጠች። ላስቲኩን የቀደዱት እርስዎ፣ ያስቀመጧትም እርስዎ ነዎት። ይህችንስ ማን ሰረቃት?"

እትዬ ግራ እጃቸውን ገልብጠው አዩ።

"በቀኝዎ ደግሞ ርካሹ ሳምንቱን ከውዱ ጋር እኩል ቆየ። ውዱ ብልጫ የለውም አልልም፤ ብሩሹ ይሻላል፣ ወዙ ይቆያል፣ ጫፉም አልሳሳም። ዕድሜውን የሰጠው ግን ዋጋው ሳይሆን አቀባቡ ነው። ቀጮ በርካሽ ሞልታው ቢሆን ኖሮ ሦስት ቁጥር እንደ አንድ ቁጥር በቆየ ነበር። አሁን ጠርሙሱን ያሽትቱት።"

እትዬ አፍንጫቸውን አስጠጉ። ሽታውን ከአሥር ሺህ ሽታ ይለዩታል።

"አሴቶን" አሉ ቀስ ብለው።

"አሴቶን የቀለም ማስለቀቂያ ነው አክስቴ። ሲወፍር ጠብ፣ ሲወፍር ጠብ ከተደረገበት ቀለሙን ከውስጥ ይፈታዋል፤ ያልተነካ ይመስላል እንጂ ጥፍር ላይ አይጸናም። የወፈረ ቀለም የራሱ ማቅጠኛ አለው። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅ። በዚህ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ አሴቶን የሚጨምረው ማነው?"

የእትዬ ዐይን ወደ መደርደሪያው ሄደ፤ ከዚያ ወደ አሴቶኑ፤ ከዚያ ወደ ገዛ ቀኝ እጃቸው ተመለሰና እዚያው ቀረ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉትን ተረት ስንት ጊዜ በሰው ላይ ተርተውታል!

"ያን ቀን አግዳሚው ላይ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርዎ ያምኑኝ ነበር?"

"አላምንሽም ነበር" አሉ። እትዬ ክፋት አላቸው ቢባል እንኳ ውሸት የለባቸውም።

በሩ ተከፈተና ቀጮ ገባች። ሰላምታ ሰጥታ ቦርሳዋን እንደ ወትሮው ዚፑን ከፍታ ሰቀለችው። ኬሚስቷ ተነሥታ ልትወጣ ስትል እትዬ እጇን ያዙ።

"ቁጭ በይ፤ ምስክር ያስፈልገኛል።" ከዚያ ወደ ቀጮ ዞሩ። "ቀጮ፣ ቀለም ትሰርቂያለሽ ብዬ ነበር። ዛሬ ላባርርሽ ነበር። ቀለሙን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ በእነዚህ እጆቼ። ይቅር በይኝ።"

ቀጮ ወደ ቦርሳዋ ዞራ አየች።

"እንደሚጠረጥሩኝ አውቅ ነበር እትዬ" አለች። "ሥራ ላይ ሆኜ በመስታወቱ ቦርሳዬን ሲያዩት አያለሁ። ከፍቼ የሰቀልኩት እንዲቀልልዎ ብዬ ነው። ልጄ አንድ ቀን 'ቦርሳሽ ዚፑ ተበላሸ እንዴ?' አለችኝ። አዎ አልኳት።"

እትዬ ተቀምጠው አለቀሱ። ቀጮ አላባበለቻቸውም፤ ግን ቆይታ ቆይታ ወንበሯን ስባ መጣች፣ ግራ እጃቸውን ጭኗ ላይ አደረገች፣ የተረፈውን ቀለም በጥጥ ጠረገችላቸው። በዚያ ሳሎን ይቅርታ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ በሳሎኑ ብዙ ነገር ተለወጠ። መዘፍዘፍና ማሸት የፈለገች ደንበኛ ቀለሙ ከተቀባ በኋላ በሌላ ቀን ትመጣለች። አሴቶን ወደ ጠርሙስ መግባቱ ቀረ፤ ማቅጠኛ ተገዛ። ርካሹና ውዱ በአንድ መደርደሪያ ጎን ለጎን ቆሙ፤ "የቱ ይሻላል?" ብላ ለጠየቀች ሁሉ ቀጮ እውነቱን ትነግራታለች፤ ወዙ እንዲቆይ ከፈለግሽ ይህ፣ ለሳምንት ከሆነ ያኛው ይበቃሻል፤ ርካሹ ቀይ ግን ጥፍር ስለሚያቀልም ከሥሩ ቀድሞ የሚቀባ ቀለም አልባ መደብ ይኑረው። አዲስ ጠርሙስ ሲመጣም መጀመሪያ በእትዬ ጥፍር ላይ ሳምንት ሳይቆይ ለደንበኛ አይቀርብም። ተላጠብኝ ብላ የምትመለስ ደንበኛ ከስንት አንዷ ሆነች። እትዬ መጠርጠሩን አልተዉም፤ አሁን ግን የጠረጠሩትን ሁሉ በፕላስተር ነጭተው ያዩታል፣ ራሳቸውንም ጭምር።

ቀጮ ግን ቦርሳዋን ከዚያ በኋላም ሦስት ሳምንት ከፍታ ነው የሰቀለችው። እትዬ "ዝጊው" ብለው አላዘዟትም፤ የማዘዝ መብት እንደሌላቸው ገብቷቸው ነበር። በአራተኛው ሰኞ ጠዋት ቀጮ ገባች፣ ሰላምታ ሰጠች፣ ዚፑን ዳር እስከ ዳር ስባ ዘጋችና ቦርሳዋን ሰቀለች። እትዬ በመስታወቱ አይተዋታል። ውስጡ ምን እንዳለ ለማወቅ አልፈለጉም።