ተቆጣጣሪ ያጣ አደራ

አሶሳ የክልል መዲና በሆነች ሰሞን፣ ኻሚስ የተባሉ የበርታ ነጋዴ በገበያው ዳር ሲያልፉ ከማሪያም ጋር ድንገት ተገናኙ። ማሪያም የሟች ወዳጃቸው ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ተምራ በክልሉ የፋይናንስ ቢሮ ሥራ ይዛለች።

«አጎቴ፣ ገንዘብዎን ዛሬም ድንበር ማዶ ነው የሚያስቀምጡት? ባንክ ያስገቡት አላልኩዎትም?» አለቻቸው ከሰላምታ በኋላ።

«ሱለይማን ዘንድ ነዋ! አማና፣ የሰው አደራ የሚያውቅ ነጋዴ ነው። ባንክ የምትሉትን ማን ያውቀዋል?»

ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ ከማዶ ጨው ጭኖ የመጣ ሾፌር አይቷቸው ከመኪናው ወረደ።

«ሐጂ፣ ሱለይማን ሱቁን ዘግቷል። ገንዘቡን ያስገባበት የግል ባንክ ለባለቤቱ ዘመዶች ሲያበድር ከርሞ ወደቀ። ሰዉ ደጃፉ ላይ ይጮኻል።»

ኻሚስ ክው አሉ። ካገኙት ጆንያ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። የራሳቸው ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ የመንደሩ ባልቴቶች አምነው የሰጧቸው አደራም አብሮ ሄዷል።

«ሱለይማን ሌባ ነው በይኝ፣ ልጄ» አሉ።

«አይደለም፣ አጎቴ። እርስዎ እሱን አመኑ፣ እሱ ባንኩን አመነ። ባንኩ ግን ያለውን ሁሉ ለባለቤቱ ዘመዶች አበድሮ ኖሯል፤ ተዉ ያለው የለም።»

«ታዲያ የበላኝ ባንክ አይደለም እንዴ? አንቺ ደግሞ ባንክ ግባ ትይኛለሽ!»

ሙግቱ ልክ እንደሆነ አንባቢም ሳይታዘብ አይቀርም። ማሪያምም አልተቆጣችም።

«የበላዎት የተቆጣጣሪ መጥፋት ነው። እኛ አገር ባንክ የተቀበለውን ሁሉ እንዳያበድር ሕግ ያስገድደዋል፤ መርማሪም ይላክበታል። ቁጥጥሩም ቢሆን ሰው የሚሠራው ነውና ይሳሳት ይሆናል፤ ስሕተቱ ግን ሳይብስ ይታያል። የጎረቤት እሳት ድንበር አይጠይቅም፤ እዚያም ነቅቶ የሚያይ ተቆጣጣሪ ኖሮ ከእኛው ጋር ቢነጋገር ጭሱን ቀድመን ባየን ነበር።»

«የባልቴቶቹን ገንዘብ ስይዝ እኔንስ ማን ተቆጣጠረኝ?» አሉ ኻሚስ፣ ለራሳቸው ያህል።

በዚያው ሳምንት የማንጎ እርሻቸውን ሸጡ። የባልቴቶቹን ገንዘብ እየዞሩ መለሱ፤ እያንዳንዷንም ወደ ባንክ ወስደው በስሟ ደብተር አስወጡላት። ከእንግዲህ ነጋዴ ቢሞት ወይም ቢከስር ያጠራቀሙት አብሮት አይቀበርም።

ከባልቴቶቹ ሁሉ ያስቸገረቻቸው ውድነሽ ናት። የመለሱላትን ገንዘብ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ደጃፋቸው ቆመች።

«እኔ የማምነው እርስዎን ነው፣ ሐጂ። እንደ ጥንቱ ይያዙልኝ።»

«ማመንሽን አላህ ይቀበልልሽ» አሉ ኻሚስ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው። «በማመንሽ ነው የፈራሁት። ነይ፣ ባንክ እንሂድ።»