ለማርያም የተሰጠችው አውሬ

«እማዬ፣ ጫካ ገብታ ምን ትበላለች?»

ማርቲ ይህን የጠየቀቻት ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በሚያዝያ መጨረሻ ነበር። እናቷ ውዴም «ማርያም ታውቃለች» ብላ ልጇን ዝም አሰኘቻት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውዴ ሲግናል አካባቢ ከአንድ የፈረንጅ ቤተሰብ ቤት ትሠራ ነበር። ሰዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ከባሕር ማዶ ያመጧቸውን ሁለት ፌሬቶች፣ ወንድና ሴት፣ ከነሽቦ ቤታቸው ለእሷ ትተውላት ሄዱ። ፌሬት ወገቡ ረጅም፣ እግሩ አጭር፣ ሸለምጥማጥ የሚመስል ሥጋ በል ነው፤ ፈረንጆቹ ግን እንደ ድመት ያቅፉት ነበር። የውዴ ቤት አንዲት ክፍል ናት። ሽታው፣ የሥጋው ነገር፣ የአከራይዋ ቁጣ ሲበዛባት፣ «ነፍስ ከማጥፋት ይሻላል» ብላ ሴቲቱን በዘንቢል ይዛ እንጦጦ ማርያም ወጣች። ሰው የሰለቸውን ቡችላና ድመት ደኑ ዳር እያስቀመጠ «ለማርያም ሰጠሁ» እንደሚል ታውቃለች። እሷም እንደዚያው ብላ ለቀቀቻትና ቀለል ብሏት ወረደች።

በግንቦት አጋማሽ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወንዱን ደግሞ ልትለቅ ያንኑ ዳገት ስትወጣ ትንፋሿ አጠረና የሽቦ ቤቱን አውርዳ ቆመች። ከመንገዱ ዳር ካለ ግቢ አንድ ሽማግሌ የሞቱ ዶሮዎች በማዳበሪያ ከረጢት ይዘው ወጡ። አቶ ለተጊዮርጊስ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን በደን ጠባቂነት ያሳለፉ፣ በዳገቱ የሚወጣ የሚወርድ ሁሉ የሚያውቃቸው ሰው ናቸው።

«እንደምን አደሩ አባባ? ምን አገኛቸው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሸለምጥማጥ ነዋ! ትናንት አራት፣ ዛሬ ሦስት ፈጀብኝ። ከዘጠኝ ሁለት ቀሩ። ባለቤቴ ወርቅአየሁ ከጫጩትነታቸው ጀምራ ያሳደገቻቸው ናቸው፤ ይኸው ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። አንቺስ ምን ይዘሽ ነው፣ ልጄ?»

ውዴ ሽቦው ላይ ያለበሰችውን ነጠላ ወደ ታች ሳበች። «የሰው አገር እንስሳ ነው፤ የማኖርበት ባጣ…»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? ልቀቂዋ! ደኑ ሰፊ ነው። አለመግደልሽ ጽድቅ ነው።»

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል፦ ውዴ «እሺ» ብላ ብትለቀው ኖሮ የሚጠይቃት አልነበረም፤ ሽማግሌውም መርቀው ይሸኟት ነበር። ዓይኗ ግን ከከረጢቱ አልነሣ አለ። የማርቲ ጥያቄ ትዝ አላት።

«አባባ፣ ሸለምጥማጥ ሲመጣ ስንት ይወስዳል?»

«አንዷን አንጠልጥሎ ይሄዳል።»

«እነዚህስ?»

ሽማግሌው ከረጢቱን ከፍተው አዩ። ዶሮዎቹ አንገታቸው ላይ ተነክሰው እዚያው ነበር የቀሩት፤ የተበላች የለችም።

«እኔ ነኝ አባባ» አለች። «የዚህን ሚስት ባለፈው ወር ‹ለማርያም› ብዬ እዚህ ለቅቄያለሁ። ባለቤቶቹ እንደነገሩኝ ሳይርበውም ያገኘውን ሁሉ እየነከሰ ይጥላል።»

ነጠላውን ገለጥ አድርገው አዩና ሳቁ። «ይህ የጫማ ክር? የእኔን ዶሮ ቤት ጉልበተኛ ሸለምጥማጥ እንጂ ይህ አይደፍረውም! ነይ እይው።»

ሁለቱን ዶሮዎች ወርቅአየሁ ቤት አስገብታቸው ስለነበር የዶሮ ቤቱ ባዶ ነው። ከሥር እንቁላል የማታሾልክ ክፍተት ነበረች። ውዴ የወንዱን ደረት በገመድ አሰረችና ክፍተቷ አጠገብ አስቀመጠችው። አሸተተ፤ ጭንቅላቱን አስገባ፤ ሌላው ገላው ውኃ ይመስል ተከትሎት ፈሰሰ። ገመዱ ብቻ ውጭ ቀረ።

የአቶ ለተጊዮርጊስ ሳቅ ጠፋ። «ቢሆንም» አሉ፣ ውዴ ጎትታ ስታወጣው፣ «ደኑ ድሮም ሸለምጥማጥ አለው፣ ጭልፊት አለው። አንዲት ብትጨመር ምን ታመጣለች?»

«የዚህ አገር ቆቅ ሸለምጥማጥን ታውቀዋለች፤ ትሸሸዋለች። የዚህን ሽታ ግን እናቷም አታውቀውም። እርስዎ መጥረቢያ የያዘውን ሲያባርሩ ኖሩ፤ እኔ በዘንቢል ይዤ ገባሁ። ወንዱን ብጨምርበትስ? ባለቤቶቹ እንደነገሩኝ አንድ ጊዜ ስድስት ሰባት ይወልዳሉ። ሴቲቱንም ይዤ እመልሳታለሁ።»

«እና ለማርያም የሰጠሽውን መልሰሽ ልትወስጂ ነው?»

«አልሰጠሁም፤ ጣልኩ እንጂ። ለማርያም የሚሰጠው የሚወዱት ነው። እኔ የሰለቸኝን አምጥቼ ስሟን ጠራሁበት።»

ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «እኔም ስንት ድመት ከሰው እጅ ተቀብዬ ለቅቄያለሁ» አሉ። «ቆቆቹ ሲያንሱ በእረኛ አመካኝ ነበር። በይ፣ እንዴት እንያዛት?»

የሽቦ ቤቱን ከወንዱ መተኛ ጨርቅና ከአንድ እንቁላል ጋር ክፍተቷ አጠገብ፣ በሩ ሲነካ እንዲዘጋ አድርገው አጠመዱት። ውዴ ወንዱን በካርቶን ይዛ ወረደች፤ ሦስት ቀን በየጠዋቱ ዳገቱን ወጥታ ባዶ ሽቦ አየች። በአራተኛው ቀን ሴቲቱ ገብታ ተገኘች። ጉርድ ሾላ የሚሠራው የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ኢታና ሆዷን ዳስሶ፣ «ሳምንት ብትቆዩ ኖሮ ጫካ ውስጥ ትወልድ ነበር» አለ። ሁለቱንም ከሚወለዱት ጋር ሊያኖር ተረከበ፤ ዳግም እንዳይዋለዱም ወንዱን አኮላሸው።

ከዚያ ወዲህ አቶ ለተጊዮርጊስ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው፣ ዘንቢል የያዘ ሲያዩ፣ «ደኑ መጣያ አይደለም! ማሳደግ ካልቻላችሁ የሚያሳድግ ፈልጉ፤ ካጣችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዱ» ይላሉ። ሰሚም አላጡም፤ የጎረቤት ዶሮ በሰላም ይውላል፤ ቆቅም ጫጩቶቿን ከኋላዋ አስከትላ መንገድ ስታቋርጥ ታየች።

ለማርቲም መልሱ ደረሳት፦ «የእማማ ወርቅአየሁን ዶሮዎች ፈጀች፤ ቀጥሎም ቆቆቹን ትበላ ነበር።» ውዴ ግን ዛሬም ዳገቱን ስትወጣ ቁጥቋጦ ሲንኮሻኮሽ ትቆማለች።

ፈረንጆቹ ሄዱ። ሰባቱ ዶሮዎች ሄዱ። ፌሬቶቹ ጉርድ ሾላ ወረዱ። ሁለቱ ዶሮዎችና ቆቆቹ ቀሩ።